ወደ ግራ የሚዞረው ትራፓኖ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ አብዱልራህማን፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ያ ትከሻዎ ትንሽ ተሻለው? ባለቤትዎ እትዬ ዙሃራስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እናታችንስ ዓይናቸው? በልጉስ ደህና ጣለ ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ሰልሳቢልና ልጃችን ኒስሪን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም። ኒስሪን አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትወረውረው። ለአጎትሽ ሰላም በይ ስላት ያለችኝን ነገር ልጽፍልዎት ብሞክር ፊደሉም አይበቃኝ።

ወደ ጉዳያችን ልምጣ። አሁን የሚሠሩት መስጊድ ያለበት መንደር መብራት ስለሌለው እንጨት የሚበሳና ብሎን የሚያስር ባለ ባትሪ ትራፓኖ እንድልክልዎ፣ እሱም አሻንጉሊት እንዳይሆን፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ሊጨርሱበት እንዳሰቡ የጻፉት ደርሶኛል። ደስ አላለኝም፣ አልዋሽዎትም። አባታችንን ጣሪያ ወስዶብናል፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ ትከሻ እዚያ ላይ ሊወጡ ነው። ተዉት ብልዎ እንደማይተዉት ስለማውቅ ግን ጥሩውን መርጬ ልላክ ብዬ ተነሣሁ። የሰፈራችን ሰው ዋጋዬ በዚህ ሳምንት አገር ቤት ትገባለች። የመንገደኛ ነገር ያውቁታል፤ ያላሸከማት ሰው የለም። አንዱን ብቻ አምጣ፣ ሁለተኛውን በራሴ ላይ ተሸክሜ አልሄድም ብላ ምላለች።

እጄ ላይ ሁለት አሉ። አንደኛው ከሱቅ የገዛሁት አዲስ ነው። ቀላል ነው፣ ጫፉ ላይ የሚሰካውን ፑንታ ለመቀየርም ቁልፍ አይፈልግም፣ አፉን በእጅ ጠበቅ ማድረግ ነው። ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ግን ማቃሰት ይጀምራል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ጎኑ የተፋቀ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ። አሥራ ሁለት ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ አለው። ክብደቱ ክንድ ያዝላል፤ ረጅም ብሎን ግን ጽድም ቢሆን ሳያጉረመርም ያስገባል።

ይህ አሮጌው የጋሼ ወልደአማኑኤል ነበር። በፎቶ ያውቋቸዋል፤ በዓምናው የዒድ ፎቶ አጠገቤ የቆሙት ረጅሙ ሰው ናቸው። እዚህ አገር የአናጢነት ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ረመዳን ሊገባ ሲል ከመሰላል ወድቀው ሞቱ። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ጣሪያ ላይ የሚሠራ ወንድም እንዳለኝ ሲሰሙ፣ ለእሱ ላክለት፣ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አልወድም ብለው ሰጡኝ። ሲሰጡኝም ለበረከት ብለው ጠበል ረጩበት። መርጨት ብቻ ቢሆን ደህና፤ ትራፓኖው ክርስትና የተነሣ ነው የሚመስለው። እኔም በሆዴ ቢስሚላህ ብዬ ተቀበልኳቸው።

የምንሠራው ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር ነው። ሰው ያልገባባቸው ቤቶች መንገዱን ሞልተውታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ገና አጥንታቸው ብቻ የቆመ። አንዱ ቤት ውስጥ መዶሻ ሲመቱ ሌላው ቤት ውስጥ ሰው የሚመታ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ማነው ብዬ ሄጄ አይቻለሁ፤ ማንም የለም።

ሁለቱን ለማወዳደር ይዣቸው ሄድኩ። መሬት ላይ ሳለሁ አሮጌው እንደ ወጉ ወደ ቀኝ ዞሮ ብሎኑን አስገባ። ፎቁ ላይ ስወጣ ግን ወደ ግራ ዞረ። የአቅጣጫ ማዞሪያውን አየሁት፣ ቀኝ ላይ ነው። ወዲያ ወዲህ አድርጌ መልሼ ተጫንኩት፤ አሁንም ግራ። ቀደም ብዬ በአዲሱ ያስገባሁትን ብሎን ቀስ አድርጎ አወጣና እግሬ ሥር ጣለው። ወረድኩ፤ ታች ቀኝ ዞረ። የጠበሉ ውሃ ገብቶበት ነው አልኩ። ለእትዬ የሺሃረግ ጠበልዎ ትራፓኖውን አበላሸው ብሎ መናገር ደግሞ ለእኔ ለሙስሊሙ እንዴት ያለ ጣጣ ነው! ዋጥ አደረግሁትና ዲር ፓርክ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ፈታትቶ አየውና ደረቅ ነው፣ ምንም አልሆነም አለኝ።

በማግስቱ እዚያው ፎቅ ላይ ወጣሁ፤ የሥራ ጓደኛዬ ዕቁባይም አብሮኝ ነበር። ቀኑ ብራ ነው፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ተጫንኩት፤ ግራ። ዕቁባይ ስቆብኝ ተቀበለኝና ተጫነው፤ ግራ። ሳቁን ተወ። እኔ ደሜ ፈልቶ ትራፓኖውን ነጥቄው አዲሱን ከመኪና ላመጣ ወረድኩ፤ ዕቁባይም ብቻውን እዚያ መቅረቱን አልወደደው መሰለኝ፣ ተከተለኝ። የመኪናውን በር ሳልከፍት ከኋላችን እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማን። ዞር ስንል የቆምንበት ፎቅ የለም። ትልቁ አግዳሚ ለሁለት ተከፍሎ ወለሉን ይዞት ወርዷል፤ ከውጭ የማይታይ የቆየ ስንጥቅ በሆዱ ነበረበት። ሳላስበው ትራፓኖውን ተጫንኩት። ወደ ቀኝ ዞረ።

ሆዴ አልችል ቢለኝ ሄጄ ለእትዬ የሺሃረግ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። ባላቸውም በመጨረሻው ሰሞን ይህ ትራፓኖ አልታዘዝ አለኝ፣ ላይ ስወጣ ወደ ግራ ይዞርብኛል እያሉ ይራገሙት እንደነበር ነገሩኝ። አርጅቷል ብለው ጋራዥ ውስጥ ወረወሩትና የእኔን የመሰለ አዲስ ገዙ። ከመሰላሉ ሲወድቁ በእጃቸው የነበረው አዲሱ ነው። ይህን ሲሉኝ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌውን ልልክልዎት አልፈለግሁም። ሰልሳቢልም ለወንድምህ አዲሱን ላክለት፣ አንተም በየቀኑ ሰማይ ላይ ነህ፣ ልጅ አለህ ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እውነቷን ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ። ግን የተሰጠኝ ለወንድምህ ተብሎ ነው፤ አደራ ነው፣ አማና ነው። ደግሞስ አባታችን ከሞቱ በኋላ እኔን የተሸከመኝ የማን ትከሻ ነው? አሮጌውን ለዋጋዬ ሰጥቻታለሁ። መልኩን አይተው ውራጅ ላከልኝ ብለው እንዳይቀየሙኝ። የቻርጀሩ መሰኪያ ከእኛ አገር ሶኬት ጋር አይገጥምምና ያስቀይሩት፤ ሁለቱንም ባትሪ ኮምቦልቻ ላይ ሞልተው ወደ መንደሩ ይውጡ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሙልኝ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። ለእትዬ ዙሃራ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ለጉልበታቸው የሚቀባ ቅባት ከትራፓኖው ጋር ተጠቅልሏል። ለልጅዎ ለዘይኑዲን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሩልኝ። ሰልሳቢል ሰላም ትላለች፤ ተቀይማኝ ቢሆንም እናንተን አልተቀየመችም። ኒስሪንም ትስማችኋለች።

ጋሼ፣ ላይ ሆነው ወደ ግራ ከዞረብዎ አይራገሙት፣ ብልሽቱንም አይፈልጉ። ይውረዱ። አጠገብዎ ያለውን ሰው ሁሉ ይዘው ይውረዱ። ስለ እኔ አያስቡ፤ እኔ በአዲሱ እየሠራሁ ነው። ጥሩ ነው፣ ወዳዘዝኩት ሁሉ ይዞራል።

ወንድምዎ ሪድዋን
ብሬብሩክ፣ ሜልቦርን
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.