ሰማያዊዋ ነጥብ በደጃችን

ልጄ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት እንደ ድሮው ነው፤ እኔም ስፌቴን አልተውኩም።

ከአገር ስትወጣ ስልኬ ላይ ካርታ ጫንክልኝና፣ «እማዬ፣ ይቺ ሰማያዊ ነጥብ እኔ ነኝ፤ ጠፋ ብለሽ እንዳታስቢ» አልከኝ። አንተማ ባቡሩን የሚነግርህ፣ ቋንቋቸውን የሚተረጉምልህ፣ ቤት የሚፈልግልህ አፕ ሞልቶልሃል፤ እኔ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ቤትህ መግባትህን ሳላይ ተኝቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ነጥቧ እዚህ ከተማችን መጣች። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሮጥኩ። «ኧረ ደህና ነው፣ እትዬ! ልጅዎ መጥቶ ነው» አለኝ። ድንገት ሊመጣብን ነው ብዬ አንሶላህን ቀየርኩ፤ አባትህም ጢሙን ተላጨ። ነጥቧ ግን ከሚስትህ ወላጆች ቤት ንቅንቅ አላለችም። ብደውልልህ፣ «ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፤ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው» አልከኝ። እኛ ግቢ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

በማግስቱ ነጥቧ በእኛ መንገድ ስትመጣ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወደ በሩ ወጣሁ። መስኮቱ የተዘጋ ነጭ መኪና አለፈ።

ምን አስቀይሜህ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ሆድ ይፍጀው። ለአባትህ ስልኩ ተበላሽቶ ነው አልኩት፤ ይኸው እስካሁን ጠጋኙን ይራገማል።

ልጆችህ ደጅህን አልፈው አይሂዱ፤ ቢሄዱም ዓይንህ አይየው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ነጥቧን እዚያው ሆነህ አጥፋልኝ። ማጥፊያውን ጠጋኙ አሳይቶኛል፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

እናትህ