ጀልባ የሌለው ተጫዋች

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሦስት ፎቶ ኮፒ ማሽን ፈታሁ፣ ሁለቱን ገጠምኩ። የሦስተኛው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ የፀጉር ማበጠሪያ ተገኘ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን የጠገነ ሰው አይጠይቅም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሜትር ይዛ ጠበቀችኝ። የጠረጴዛ ጨዋታ ሳጥኖቼን የምደረድርበትን መደርደሪያ ለክታዋለች። የመኝታ ቤቱ በር ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ በጎን ነው የሚገባው። በጎን መግባት የምትችልበት ዕድሜ እንዳለፈ ነገረችኝ። አዲስ ሕግም ወጣ፦ አንድ ጨዋታ ሲገባ ሁለት ይወጣል። ይግባኝ የለም።

እኔ ያሉኝ መቶ አርባ ሁለት ናቸው። እሷ መቶ ሃምሳ ናቸው ትላለች። አልጋ ሥር ያሉትን ማን ነገራት?

ጥር 8፣ ሐሙስ

የጨዋታ ቀን። ጥርስ ሐኪሙና ሹፌሩ እንደተለመደው መጡ። ሹፌሩ አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ግን አሁንም ከወንበሩ ሲነሳ ወደኋላ ያያል። ሦስት ሰው ነን። ድሮ አራት ነበርን። አራተኛዋ ታላቅ እህቴ ነበረች... እሱ ይቅር።

ክርክር ሲነሳ ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። ስሜ "ሕገ መንግሥት" ነው። ያወጣልኝ ጥርስ ሐኪሙ ነው። ለቀልድ ያለው ይመስለኛል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ለማን ልዋሽ?

አሠራሬ ቀላል ነው። አዲስ ጨዋታ ስገዛ መመሪያውን አነባለሁ፣ በአንድ ገጽ አሳጥሬ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ለብጬ ላሚኔት አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲያ መመሪያው ከሳጥኑ ግርጌ አይወጣም። ማንም አያነበውም። እኔም አላነበውም። ወረቀቱ እያለ ለምን?

ጥር 11፣ እሑድ

ከሚወጡት አንዱ የወንዙ ጨዋታ እንዲሆን ወሰንኩ። ቆንጆ ነው። ወንዝ ላይ ጀልባ እየላክህ ጨውና እንጨት ታጓጉዛለህ፤ ጀልባህ ከሰመጠ ሌላ እስክትሠራ ወደብህ ላይ ቁጭ ነው። ሰባት ዓመት ተጫውተነዋል። ካለፈው አራት ዓመት ወዲህ ግን አልተከፈተም። ምክንያቱን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እህቴ ሳጥኑን ለሁለት ቀን ተውሳ ወስዳ ነበር። ሐሙስ መለሰችው፤ ተቀመጥን። መሃል ላይ እጇን ሰደድ አድርጋ ከእኔ ወደብ ሁለት ጆንያ ጨው አነሳች። ምን እያደረግሽ ነው? አልኳት። ይፈቀዳል አለች። አይፈቀድም። መመሪያውን አንብብ አለች። መመሪያውን የማውቀው እኔ ነኝ... ላሚኔቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። መልሺ። አልመልስም።

"ሌባ" አልኳት።

ጥርስ ሐኪሙ ፊት፣ ሹፌሩ ፊት፣ ባለቤቴ ፊት። በአሥር ዓመት የምትበልጠኝን፣ አዝላ ያሳደገችኝን። ከእንጨት ለተሠራ የጨው ጆንያ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እስከ ዛሬ ቤቴ አልመጣችም። ሰርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ያ ነው።

ሳይመሽ የሽያጭ ማስታወቂያውን በስልኬ ለጠፍኩ። "ሙሉ፣ ንጹሕ፣ አንድ ጠጠር ያልጎደለው።"

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ገዢ ደወለች። መምህርት ናት፤ ለትምህርት ቤት ክበብ ትፈልገዋለች። ሰዎች ገጽ የጎደለው መመሪያ ሸጠውላት ያውቃሉ፣ ስለዚህ ገጾቹን ልቆጥርላት እችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች። እየሰማችኝ ቆጠርኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ...

ዘጠነኛው ገጽ ግርጌ ላይ የሚያለቅስ መርከበኛ ሥዕል አለ። አስታውሰዋለሁ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ጀልባ የሌለው ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ከጎረቤቱ ወደብ ሁለት ጭነት መውሰድ ይችላል።"

መምህርቷ "ሄሎ? አሉ?" አለች።

አለሁ አልኩ። ገጹም አለ።

ያው ቀን፣ ከእራት በኋላ

አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሥር ጊዜም ያንኑ ይላል።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ ዘልሏል ልበላት?

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሸጥኩት። መምህርቷ ቅዳሜ ነበር ልትመጣ ያሰበችው፤ እኔ ራሴ ከሥራ ስወጣ ትምህርት ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። እንዲህ ያለ ሻጭ አይታ አታውቅም። አመሰገነችኝ፤ ክፍሏ ውስጥ ወንበር ሰጠችኝ፣ ለልጅ የተሠራ ወንበር። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ዘጠነኛውን ገጽ ገንጥዬ ላስቀር አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ሙሉ ብዬ ጽፌ እንዴት ገጽ አጎድላለሁ? እህቱን ሌባ ያለ ሰውም ይህን ያህል ክብር አለው። ማስረጃው ከነሳጥኑ ሄደ። ተገላገልኩ።

ጥር 16፣ ዓርብ

አልተገላገልኩም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ እህቴን ገበያ አግኝታታለች። ልትሄድ ነው። ልጇ ሩቅ ከተማ ወልዳለች፤ ቤቱን ለቅቃ፣ ዕቃዋን ጭና፣ ጠቅልላ እዚያው ልትኖር። የካቲት 2 መኪና ይመጣል። ለእኔ ሰላምታ እንኳ አልላከችም ወይ? ብዬ ጠየቅኩ። "አንተ ልከህላት ታውቃለህ?" አለችኝ ባለቤቴ። ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ቢላውን አላስቀመጠችም።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ሁሉንም። መርከበኛውን፣ ትንንሹን ፊደል፣ ለመምህርቷ እየሮጥኩ ማስረከቤን። ሽንኩርቱን ጨርሳ ላጠች። ሌላም ሽንኩርት አንስታ ላጠች። ከዚያ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሂድና ልቀም" አለች።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደ መምህርቷ ተመለስኩ። ጨዋታውን እንድትመልስልኝ ለመንኳት። በትሕትና እምቢ አለች። ክበቡ ጀምሯል፤ አሥራ ሁለት ልጅ ተራ ይጠብቃል፤ ሲጫወቱም አይቻለሁ። አንዷ ተማሪ ጀልባዋ ሰመጠ። ምንም ሳታቅማማ ከጎረቤቷ ሁለት ጆንያ አነሳች። ጎረቤቷም ምንም አላለችም። ለካ እንዲህ ነው የሚያልፈው።

እንግዲያው ዘጠነኛውን ገጽ ኮፒ ላድርግ አልኩ። በስልክ ፎቶ አንስተው ይውሰዱት አለችኝ። እህቴ አርባ ዓመት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበረች፤ የምታምነው ወረቀት ብቻ ነው። የመምህራን ክፍሉ ማሽን ግን ከተበላሸ ወር ሆኖታል አለች። ጃኬቴን አወለቅኩ። አንድ ገጽ ለማንሳት ሁለት ሰዓት ጠገንኩ። የወረቀት መጎተቻ ጎማው ነበር ያለቀው፤ እንደ እኔ።

ጥር 25፣ እሑድ

እህቴ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ግድግዳው ላይ ሥዕል የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። የካርቶን ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ" ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። የሐኪም ማዘዣ እንደምታነበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑን ጭምር የምትፈልግ ይመስል አነበበችው። መለሰችልኝ።

"ያን ቀን ነግሬህ ነበር" አለች።

ነግራኛለች። አዎ አልኩ። ይቅርታ አልኩ። አነጋገሬ ደረቀብኝ መሰለኝ፣ ደገምኩት። ቅር ያለው ፊቷ አልተፈታም። ሳህን በጋዜጣ መጠቅለሏን ቀጠለች።

"ሌባ ያልከኝ ወጥ ቤት ጠርተህ በጆሮዬ አይደለም። ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው አምጣው።"

ሐሙስ ነይ አልኳት። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። የታጠፈ ጋዜጣ አቀበልኳት፤ ተቀበለችኝ። ስድስት ሳህን አብረን ጠቀለልን።

ጥር 28፣ ረቡዕ

የምናገረውን ጻፍኩ። አሳጠርኩት። አንድ ገጽ ሆነ። ላሚኔት አደረግኩት። ባለቤቴ አየችው፤ ወሰደችና መስኮት የማይዘጋበት ቦታ ላይ ወተፈችው። ከአፍህ ይውጣ፣ የገባውም በአፍህ ነው አለች። የገባው ሳይሆን የወጣው ነው ልላት ነበር። ተውኩት።

ጥር 29፣ ሐሙስ

መጣች። አርፍዳ መጣች፣ ጥርስ ሐኪሙና ሹፌሩ ተቀምጠው። ሁለቱም ብድግ አሉ። ሹፌሩ ወደኋላም አየ። ባለቤቴ ወንበሩን ሳበችላት። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"እህቴን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሌባ ብያታለሁ" አልኩ። "ሌባ አልነበረችም። ሕጉ ይፈቅድላት ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እናንተም የሰማችሁት ስለሆነ ነው እናንተ ፊት የምናገረው።"

ዘጠነኛው ገጽ እየዞረ ተነበበ። ጥርስ ሐኪሙ እንደ ራጅ ወደ መብራት ይዞ አየው። ሹፌሩ ተቀብሎ አነበበ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲያጣ ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን ሲያይ እንደነበር አስታወሰን። ልክ ነው። እሱ ጀልባ አይበረክትለትም ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ሁለት ሆነ።

እህቴ "እሺ፣ ተሰምቷል" ብላ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ሌላ ጨዋታ አወጣሁ። መመሪያውን ለጥርስ ሐኪሙ ሰጠሁትና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቅኩት፣ ከሽፋኑ ጀምሮ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እህቴ አሸነፈች።

የካቲት 2፣ እሑድ

መኪናው በጠዋት መጣ። ካርቶን ተሸከምኩ። ወገቤ ከዚህ በኋላ የእኔ አይደለም። ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ እህቴ ከጭነት መኪናው ነጂ ጎን ገብታ ተቀመጠች፤ መስታወቱን ዝቅ አደረገችና ቀረብ በል አለችኝ።

"ያን ቀን ጀልባ ነበረኝ" አለች።

አልገባኝም።

"አንድ ነበረኝ። በመዳፌ ሸፍኜው ነበር። ያንን ሕግ ቤቴ አንብቤ፣ ልጠቀምበት ጓጉቼ ነው የመጣሁት። ጀልባዬ ግን አልሰምጥ አለ። ምን ላድርግ?"

መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ታዲያ ለምን አራት ዓመት? አልኳት።

"ልክ ስለነበርክ ነዋ። ሰው ፊት፣ ልክ ሆነህ። ሐሙስ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ደግሞ ባሰብኝ። እሱን ተሸክሜ መሄድ ከበደኝ።"

እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና መስታወቱን ዘጋች። መኪናው ሄደ። መንገዱ መሃል ቆሜ ሳቅኩ። አለቀስኩም። የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም። ከኋላዬ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ፤ ልክ ነበር፣ መንገድ ዘግቼበታለሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሦስት ሰው። ጥርስ ሐኪሙ ስለ እህቴ አነሳ። እንዴት ያለች ሴት ናት አለ፤ አራት ዓመት በሐሰት ተወንጅላ አንድ ቃል ሳትመልስ፣ ጀልባ እንኳ ሳይኖራት። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

በሕይወቴ ስሕተት ሰምቼ ሳላርም ቀርቼ አላውቅም። የቀብር ንግግር ላይ ዓመተ ምሕረት ያረምኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ... "አዎ፣ እንደሷ ያለ የለም" አልኩ። ሆድ ይፍጀው። ባለቤቴ ከሶፋው ቀና ብላ አየችኝ፤ አሞኝ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ሁሉ አስባ ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እህቴ ደወለች። በደህና ገብታለች፤ ሕፃኑ ወፍራም ነው፤ ካርቶን የተፈታው ግማሹ ነው። ሌላ ሌላውን አወራን። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ነገርካቸው?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

ከዚያ "ወንድሜ" አለችኝ። አራት ዓመት በስሜ ብቻ ነበር የምትጠራኝ።