ኦፓል በእጇ ያለችው

ለባለቤቴ ለኦፓል የቤዝቦል ጓደኛ፤

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ መኪናዬን እነዳለሁ፣ የደጄን በረዶ ራሴ እጠርጋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ልጄ አርሊን "እኔ ልጻፍልህ አባዬ" ብትለኝ እንቢ ብዬ በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው። ከሦስተኛ ክፍል ወደ እርሻ የተጠራሁ ሰው ነኝና ፊደሉ ከተጣመመብሽ ታገሺኝ።

አንቺስ እንዴት ከርመሻል? ያ የምትወረውሪበት ትከሻሽ አሁንም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግርሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? ኦፓል ስታርፍ የላክሽው አበባ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥሽ። የምጽፍልሽ ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ቤቱን ሲያዞረኝ ይውላል፤ ስቀመጥ ያስነሳኛል፣ ስነሳ የምሄድበትን ያሳጣኛል።

በመጨረሻው ወር ምላሷ ተያዘ። የሚታዘዛት ቀኝ እጇ ብቻ ነበር። እኔ ከአልጋዋ ግርጌ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ጣለችብኝና እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ፣ ከጉልበቶቿ መሐል አኖረች። ጨበጠች። ከፈተች። ከዚያ በመዳፏ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ትንሽ ጠብቃ ደገመችው። ነርሷ "የጅማት መንቀጥቀጥ ነው አባባ፣ አይጨነቁ" አለችኝ። መንቀጥቀጥ! ከዱላ መቺዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ ኳስ ስትቀልብባት፣ ለአንቺ ለወርዋሪዋም የአወራወር ምልክት ስትሰጥባት የኖረች እጅ! በማግስቱ አረፈች።

ነርሷ ከየት ታውቃለች? የተጫወታችሁበት የሴቶች ሊግ ከፈረሰ በኋላ ኦፓል ቆርቆሮ ፋብሪካ ገባች፣ አርሊንን አሳደገች። በደመወዝ ኳስ መጫወቷን ሰው ካልጠየቃት አትናገርም፤ ሰውም አልጠየቃትም። የተጣመሙ ጣቶቿን ያየ ሁሉ የፋብሪካው ማሽን ያጣመማቸው ይመስለው ነበር።

እኔስ ብሆን ምን አውቃለሁ? ሹፌራችሁ ነበርኩ፤ አውቶቡሳችሁን አቆምና ተመልካቹን ከኳስ ከሚከልለው መረብ ኋላ እቀመጣለሁ። የማየው ጀርባዋን ነው። ምልክቱን በጉልበቶቿ መሐል ደብቃ ለአንቺ ብቻ ታሳይሻለች። አንቺም እሺ ስትይ ራስሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ፣ እንቢ ስትይ ትወዘውዢያለሽ። ከሁለታችሁ ወሬ የሚደርሰኝ የአንቺ ራስ ብቻ ነበር።

ያቺን የነሐሴ እሑድ ታስታውሻለሽ? ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል፣ ክንድሽ ዝሏል። አሠልጣኙ "ኳሷን ጠምዝዢያት! ጠምዝዢያት!" እያለ ይጮኻል። ኦፓል ምልክት ሰጠችሽ፤ ራስሽን ወዘወዝሽ። ሌላ ሰጠችሽ፤ ወዘወዝሽ። መቺዋ "ሴቶች፣ ምክክሩ ሲያልቅ ቀስቅሱኝ!" ብላ ሕዝቡን አሳቀችው። ያን ጊዜ ኦፓል ጉልበቷን መታ መታ ስታደርግ ከኋላ ክንዷን አየሁ። ከዚያ በፊት ምን እንዳሳየችሽ አላየሁም። አንቺ ሳቅሽ፣ ራስሽን ዝቅ አደረግሽ፣ ወረወርሽ። ኳሷ መሬት መትታ ዘለለች፣ መቺዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስታ አየር መታች፣ ኦፓል በደረቷ አስቀርታ መቺዋን በኳሷ ነካቻት። መቺዋ ወጣች፣ ጨዋታው አለቀ።

አውቶቡስ ውስጥ ሁላችሁም በመሬት ስትንሸራተቱ የተላጠ ጭናችሁን ቅባት ስትቀቡ፣ ያ የተረገመ አጭር ቀሚስ ያመጣባችሁ ጣጣ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ "ኦፓል ቁጢጥ ካለችልኝ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ያሰኘኝን ነው የምወረውረው፣ ትቀልበዋለች!" ስትይ ሰማሁ። እኔም ኦፓልን "ምን ብለሻት ነው የሳቀችው?" አልኳት። "አንተ መሪህን ያዝ" አለችኝ። ተጋብተንም ስጠይቃት መልሷ ይኸው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መሪዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አሁን ድንጋይ ጠራቢው ብሪንክማን የመቃብሯን ጽሑፍ እስከ ቅዳሜ ይጠብቀኛል። አርሊን "ውድ ሚስትና እናት" ይባል ትላለች። እሱማ በሁሉም ሴት መቃብር ላይ አለ። እኔ ያ እጇ ይቀረጽ እላለሁ። "ስድብ ቢሆንስ አባዬ? ቄሱ ከነድንጋያችን ያስወጣናል" ብላ ሳቀችብኝ፤ ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። የእናንተን ቡድን አፍ ለሚያውቅ፣ ልጅቱ ያለ ነገር አልሰጋችም።

ስለዚህ ፍቺውን ንገሪኝ። አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅሽም። በዚያ ሰዓት በሐሳቧ አንቺን እያየች ኖሮ ለአንቺ ያለችው ከሆነ፣ አልቀየምም፤ መልእክቱን አድርሻለሁ በቃ። ግን ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ከወንበሬ ኋላ ግድግዳ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ዞሬ አይቻለሁ።

በስልክ አይሁን፤ አርሊን ቀድማኝ ታነሳዋለች። ጻፊልኝ።

ክረምቱን በደህና ያሻግርሽ። የወረወርሽውን የሚቀልብልሽ አያሳጣሽ።

ዕዳዬን ለማንም አልተውም። ለጎረቤቴ፣ ለለቅሶ የፖም ኬክ ያመጣችበትን ሳህን፣ ባዶውን ሳይሆን ድንች ሞልቼ። ለብሪንክማን፣ እስከ ቅዳሜ አንድ ቃል። ለአንቺ፣ ስትወርጂ አውቶቡስ ውስጥ የረሳሽውን የኳስ መቅለቢያ የቆዳ ጓንት፤ ኦፓል በየጸደዩ ዘይት ስትቀባው ኖራለች፣ ራሴ ነድቼ አመጣልሻለሁ። ለኦፓል ደግሞ፣ ያን ቀን ነርሷን ሳዳምጥ ሳልመልስላት የቀረሁትን፤ እሺ ብሎ ራስ ዝቅ ማድረግ። እሱንም ራሴ ሄጄ እከፍላለሁ።

የኦፓል ባል