ብርሃኔ የወደደው ቦርሳ

ሐምሌ 18 ቀን 1956
ዝናብ። የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋጉን እንደተከናነበ ዋለ። ምስር ለቀምኩ፣ አሮጌ ሹራብ ተረተርኩ... ዛሬም ምንም የለም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ማምሻውን ሹፌሩ ሰብስቤ ብቅ አለ። ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው። ከወንድሜ ከጋሼ ሀብተጊዮርጊስ ቃል ይዟል። «ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ አንቺም እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ ብሏል። እስከዚያ ጓዳውን አጽጂ፣ የማይረባውን ጣይ ብሏል።»

እማዬ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። እሷን ሳስታምም ቆሜ የቀረሁበት ቤት ነው። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን እዚያ ብገባ የልጆቹ ሞግዚት ነኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በሰው ቤት። አልፈልግም። ከሶዶ አልወጣም። ታዲያ በምን ልኖር?

ሐምሌ 20
ልጥል ብዬ ጓዳ ገባሁ። የአባዬ የጥይት ሣጥን፣ ባዶውን። አንገቱ የተሰበረ ጋን። የጋሼ ካፖርት፣ ብል የበላው። ሽቦው የተሰባበረ ጃንጥላ... የቱን ልጣል? አንዱንም ሳልጥል ወጣሁ።

ሐምሌ 24
የጃንጥላውን ጨርቅ ፈታሁት። ደህና ነው እኮ፣ የሞተው ብረቱ ነው። ቦርሳ ሰፋሁበት። ከሽቦው ደህና ደህናውን መርጬ፣ ጫፉን ቆልምሜ ኪሮሽ አደረግሁት። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይሉ የለ? እኔን ነው።

ቦርሳውን ለጎረቤቴ ለአባይነሽ ሰጠኋት። በዝናብ ወደ ጸሎት ቤት ስትሄድ መጽሐፍ ቅዱሷን በነጠላዋ ሸፍና ነው የምትሮጠው።
«አንተ ሳህሊቱ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ» አለችኝ። አፏን የፈታችው በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛዋ እኔም «አንተ» ነኝ። ለምጄዋለሁ።

ነሐሴ 3
ጾም። ሽምብራ ስቆላ አባይነሽ እያለከለከች ገባች።
«ብርሃኔ ቦርሳውን አየ። በጣም ወደደ። ማነው የሠራው? አለኝ። ሳህሊቱ ነው አልኩ። ባል አለው? አለ። የለውም አልኩ። እንግዲያው ጾሙ ሲፈታ ቤቱ ሄጄ አየዋለሁ አለ።»
ባል አለው ወይ የተባልኩት እኔ ነኝ መቼስ።
«ብርሃኔ ምን ዓይነት ሰው ነው?»
«የትምህርት ቤት ሰው ነው። ሎኦ ነው፣ በጣም ሎኦ።» ጥሩ ነው ማለቷ ነው።
ባል አላት ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ሌላ ምን ሊፈልግ ነው? ሽምብራው አረረ።

ነሐሴ 5
እንደ አባይነሽ የሚሽን ሰው ከሆነ በጾም አንስማማም። እሱ ሥጋ፣ እኔ ሽምብራ። ደግሞ ቤቱ ሄጄ አየዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ሽማግሌ አይልክም?... ምን ነካኝ። ሰውየውን ሳላየው ተጣላሁት።

ነሐሴ 11
እንግዳ የማስቀምጥበት የለኝም። ያለው በርጩማ ነው፣ እሱም ይንገዳገዳል።
ጋኑን በአፉ ደፋሁትና የተሰነጠቀውን ገበታ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ጠረጴዛ! ከካፖርቱ ብል ያልነካውን ቆርጬ፣ ገለባ ጠቅጥቄበት፣ የጥይት ሣጥኑን አለበስኩት። የተረተርኩት ሹራብ በኪሮሽ የጠረጴዛ ልብስ ወጣው። ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ግን ያምራል። ከጓዳ ያገኘሁትን አሮጌ የሽቦ አልጋም መደርደሪያ ላድርግ ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ከነሳህኖቹ ተደረመሰ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አባዬ ቢያይ ምን ይል ይሆን? በጥይት ሣጥኑ ላይ ሙሽራ ሲቀመጥ... እረፊ ሳህሊቱ።

ነሐሴ 20
መጣ። ማለቴ... መጣች።

ጠጉሬን ተሠርቼ፣ የቦዬ ሥር ቀቅዬ፣ ዳጣ ፈጭቼ ቁጭ ብያለሁ። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንዲት ረጅም ሴት። ከኋላዋ ሰው ፈለግሁ፣ ማንም የለም።
«ባለቤትዎ ከኋላ ናቸው?»
«የማን ባለቤት? ብርሃኔ ነኝ እኮ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። አባይነሽ እኮ ዶሮዋን እንኳ «እንቁላል ጣለ» የምትል ሴት ናት! እኔን «አለው» ስትል እኔ መሆኔ ገባኝ፤ ብርሃኔን «አለ» ስትል ግን ወንድ አድርጌ ስኳኳል ከረምኩ። ስሙም ቢሆን ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም። እና... ትንሽ ከፋኝ። ለምን እዋሻለሁ።

ወይዘሪት ብርሃኔ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ናት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ጋኑን ጎንበስ ብላ አየች። የጠረጴዛ ልብሱን ገልብጣ ከጀርባው መረመረችው።
«ይኼ ሁሉ የሚጣል ነበር?»
«ጓዳ የነበረ ነው።»
«ልጆቼ ጥልፍ ይማራሉ፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን ክርም ጨርቅም የለም። ያረጀ ዕቃ ግን የማንም ቤት አይጠፋም። ይኼን ታስተምሪልኛለሽ? ደመወዝ አለው።»
«ባል አላት ወይ ያሉትስ?» አመለጠኝ።
«ባል ካለሽ እሱን ማስፈቀድ ሊኖርብኝ ነዋ።»

ሳቅ ያዘኝ። በምን እንደሳቅሁ አልነገርኳትም። ቦዬውን አብረን ጠረግነው።

ነሐሴ 21
ለአባይነሽ ነገርኳት።
«እኔ ወንድ ነው አልኩህ? ብርሃኔ ሴት ነው!» አለችኝ ተቆጥታ።
ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቆይቶ እሷም ገባት፣ መነሳት አቃተን። ባሏ ኤርካሎ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። አልነገርነውም።

መስከረም 22 ቀን 1957
ጋሼ ትናንት ገባ። ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ።
«ይኼን ሁሉ ማን ገዛልሽ?»
«የተቀመጥክበት ያንተ ካፖርት ነው።»
ብድግ ብሎ አየው፣ ደግሞ ተቀመጠ።

ራት ላይ ነገርኩት። አስተምራለሁ፣ ደመወዝ አለኝ፣ አልሄድም። ጋሼን እምቢ ብዬው አላውቅም።
«ልጆቹ አክስታችን ትመጣለች እያሉ ነው» አለ።
«ለእረፍት ላካቸው፣ እነሱ ይምጡ።»
«ብቻሽን? በዚህ ቤት?»
«ቤቴ እኮ ነው፣ ጋሼ።»
ራቱን ጨርሶ ተነሳ። ሲተኛ ዘነበ። ጣራው እግሩ ላይ አፈሰሰበት፣ አልጋውን ሳበና ተኛ።

ዛሬ ጠዋት ቤቱን በውጭ እየዞረ ያይ ነበር። እንደዚያው ትቼው ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ደላላ ይጠራ ይሆን? ተማሪዎቼ ከቤታቸው ያረጀ ካልሲ አምጥተው አሻንጉሊት ሰፋን። ሁለቴ መርፌ ወጋኝ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግድግዳው ላይ መሰላል ተደግፏል። ጋሼ ኮቱን አውልቆ ጣራ ላይ፣ መዶሻ በእጁ።
«ሌላ የሚያፈስ ቦታ አለ?» አለኝ ከላይ ሆኖ።

ሊሸጠው የመጣውን ቤት ቀዳዳ ሲደፍን ነው የዋለው። በምን? በአሮጌ የላምባ ጣሳ፣ ጠፍጥፎ።