የዝናቡን መስመር አትቁረጠው

ለምወድህ ወንድሜ ለታፈረ አረጋ፤ ላይፕዚግ።

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ምግቡንስ ለመድኸው? እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው፤ ከናፍቆትህ በቀር ያመመን የለም። ክረምቱ እየጣለ ነው፤ እኔም በየማለዳው ከግብርና ጣቢያው ጓሮ ዝናቡን እለካለሁ።

ከዚህ የላክሁልህን የዝናብ ቁጥር በኮምፒዩተር ሥለህ የላክኸው ግራፍ ደርሶኛል። የምትሠራው ፕሮግራም መስመሩን አቅርቦ እንደሚያሳይህ፣ አንዱን ነጥብ ስትጠቁመው ወሩንና መጠኑን እንደሚነግርህ፣ ያልፈለግኸውንም ዓመት በአንድ ቁልፍ እንደሚያስቀርልህ የጻፍኸውን ደጋግሜ አነበብሁት።

ግራፉን የጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ቅዳሜ ለገበያ የወጣ ገበሬ ሁሉ እየገባ ያየዋል። ፊደል ያልቆጠረውም አልተቸገረም፤ አገራችን አፋፍና ገደል ስለሆነ መስመሩን እንደ መሬት ነው የሚያዩት። ዝናብ የቀረበት የሰባ ስድስት ክረምት ላይ ሲደርሱ፣ ገደሉ ይኸ ነው ይባባላሉ።

ነገር የመጣው ከበዓሉ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጓድ ምናለ ግራፉን ለአብዮቱ በዓል ኤግዚቢሽን ፈለገው፤ ግን ከሰባ ሰባት ክረምት ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው ብቻ እንዲታይ ነው። ወንድምሽ ቁልፍ ቢነካ ያልቃል፣ ጻፊለት አለኝ። አልጽፍም አልሁት። እንግዲያው ከጣቢያው ትነሻለሽ፣ ደብዳቤውንም በስምሽ እኛው እንጽፈዋለን አለ። ይህን ሁሉ ከኩልመስክ ለገበያ የመጣችው ሸጌ ቆማ ትሰማለች። በዚያ ድርቅ ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ጣቷን ገደሉ ግርጌ ላይ አድርጋ፣ «ጓድ፣ የእኔ ባል ያለው እዚህ ነው። ደልድለህ ልታርስበት ነው?» አለችው። ከኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ በሬ ካነሰው እኔ አበድረዋለሁ ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ስለዚህ ታፈረ፣ መስመሩን ቁረጠው የሚል ደብዳቤ በስሜ ቢደርስህ የእኔ አይደለም። የአንተም ትምህርት በእነሱ ፊርማ የቆመ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ሳላስብ አልጻፍሁልህም። ቢሆንም ቁልፉን አትንካው። ፕሮግራምህ መቁረጥ ከቻለ፣ የተቆረጠ ዓመት መኖሩንም ግራፉ ላይ እንዲጽፍ አድርገው፤ ያኔ ማንም በእጅህ አይዋሽም። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚከፍተው ካለ እሱም ያንብበው። ስሜን ከታች አስቀምጫለሁ።

እማዬ ወለተ ሐና አገላብጣ ትስምሃለች፤ ካልሲ እየሠራችልህ ነው። ታናሿ እህታችን ሙሉሃብት ስምንተኛን አልፋለች፤ ፎቶግራፍህን ላክልኝ ትላለች። አክስታችን ሽታዬ እግሯ ተሽሏታል፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባ ስለ ጣቢያው ነገር ስነግራቸው፣ ወደየትም ቢልኩሽ እዚያም ይዘንባል፣ እዚያም ትለኪዋለሽ አሉኝ። ለአንተም ምርቃታቸውን ልከዋል።

እህትህ ደብሪቱ አረጋ
ላሊበላ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.