ሹል አፍ

ኩቤክ፣ ግንቦት 12

ለልጄ ለኦዲል፣

ይህን ስታነቢ ጤናሽ የተሟላ፣ ቤትሽም የሞቀ ይሁን። እኛ ደህና ነን። የሐይቁ በረዶ ቀልጧል፤ ወንድምሽ ሬዣንም ቅዳሜ በደስታ ተሞሽሯል።

ከፓሪስ የላክሽለትን የሰርግ መልእክት ለእንግዶቹ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንድም የሰዋስው ስህተት አላገኘሁበትም። «የትዳር ምጡቅ ጣዕመ ዜማ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አክስትሽ ፍለራንዥ፣ «ጉድ ነው! የልጅቷ አፍ ሾለ እኮ!» አለች። እንደ ፓሪስ ሰው በንግግሩ የሚራቀቅ እዚህ «ሹል አፍ» እንደሚባል ታውቂያለሽ። ሬዣን አንገቱን ደፋ። እህቴ በእኛ ታፍራለች ብሎ ሲሰጋ ስለከረመ አንጀቴን በላው።

ያኔ ከፊርማሽ በታች በእርሳስ የጫርሽለትን አየሁ። ሦስት የፊደል ስህተት አለበት። መነኮሳት ያስተማሩኝ መምህርት ነኝና፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። አነበብኩት።

«አንተ ዱባ! እኔን እንዳደረግከኝ ሙሽራዋንም ከጀልባ ገፍተህ ሐይቅ እንዳትከታት!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሬዣን እየሳቀ እንባውን ጠረገና፣ «እሷው ናት! አልተለወጠችም!» አለ። ፍለራንዥ ደግሞ፣ «በይ ድገሚው፣ መምህርት!» እያለች ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

በልጅነትሽ አነጋገርሽን ሳርም የኖርኩት እኔው ስለሆንኩ፣ አፍሽን ያሾልኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ደጅሽን ደግ ሰው ያንኳኳው። ለእኔም ስትጽፊ ከፊርማሽ በታች ትንሽ ቦታ ትተሽ በእርሳስ ጻፊልኝ። አላርመውም።

እናትሽ ዤርመን