ስለ ማጌ ገብሴ ዘርና ስለ ነጣችው ቡቃያ

ዛሬ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. እኔ ወይዘሮ ይታይሽ ወልደኪዳን፣ ከጎረቤላ ዝቅ ብሎ ባለው ቤቴ በአልጋዬ ላይ ሆኜ፣ የታመመው እግሬ እንጂ ልቤ አለመሆኑን ምስክሮች እያዩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሊያባብሉኝ የሞከሩ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። ጸሐፊዬ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ያላልኩት እንዳይገባ እየመለሱ ያነቡልኛል።

«እትዬ ይታይሽ፣ እኔንም ይጠረጥራሉ?» ብለዋል። እርስዎን አይደለም መሪጌታ፣ ብዕሩን ነው። ይህም ይጻፍ።

አንደኛ፣ ቤቱና ግቢው ለልጆቼ ለባፈና ምህረቱና ለፀደንያ ምህረቱ እኩል ይሁን።

ሁለተኛ፣ በጎቹ ለባፈና። አባቱ ካረፈ ወዲህ ብርዱን ችሎ የጠበቃቸው እሱ ነውና ሐቁን አልነሳውም። ቡልኮዬ ለፀደንያ። ጃኬት ይበቃኛል ትላለች፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የማላውቅ ይመስል።

ሦስተኛው ዘሬ ነው። ሁላችሁም ዛሬ ጆሯችሁን ያቆማችሁት ለሱ እንደሆነ አይጠፋኝም። ማጌ ገብሴን ከእናቴ ተቀብዬ ከሌላ ሳልቀላቅል ኖሬአለሁ። የጎረቤትን አዝመራ ያቃጠለ ውርጭ እሱን ይምረዋል። የዘሩን ጎታ የያዘ ሰው አገር ደጅ የሚጠናው ሰው ነው።

ፀደንያ ደብረ ብርሃን በአንድ የሰብል ምርምር ቤት ትሠራለች። ነሐሴ ላይ እኔንና ባፈናን ወስዳ የመስታወት ቤቱን አሳየችን። በየጣሳው ገብስ በቅሏል፤ የአንዳንዱ ቅጠል እንደ ወተት ነጥቷል።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ቫይረስ ቀባሁት እማዬ።»

«በሽታ?»

«የተገራ በሽታ። ቅጠሉን በጣቴ አሽቼ አስገባዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የመረጥነውን አንድ ዘረመል ዝም ያሰኝልናል። ይኼ የነጣው አረንጓዴነቱን የሚጠብቅለት ዝም ስላለ ነው። እንዲህ እያልን ውርጭ የሚያስችለው የቱ እንደሆነ እንደርስበታለን።»

«እግዜር ያናገረውን ዝም የምታሰኚ አንቺ ማነሽ?»

ሳቀች። ሳቋን ያኔም አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደድኩትም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ነው፤ እንኳን የተገራ በሽታ። ይሁን እንጂ ስንወጣ እጃችንን በሳሙና አሳጥባ፣ «ቅጠል ከቅጠል ሲነካካ ይተላለፋል፣ ዘሩም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከዚህ ቤት መውጣት የለበትም» አለችን።

ዘመን ሲለወጥ ባፈና እያለከለከ መጣ። «የልጅሽ መርዝ ማሳችን ገባ!» ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ለዘር በለየሁት በላይኛው ማሳ ጫፍ አንዲት ቡቃያ ነጥታ ቆማለች።

«በምን መጣ?»

«በነፋስ ነዋ!»

«ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ፣ የሰውን ሁሉ ማሳ ዘሎ?»

«መርዝም ዘመድ ይለያል» አለኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አገሩ ሁሉ «የይታይሽ ልጅ ገብስ አሳመመች» ይል ነበር። እኔም ጠርጥሬ በስልክ ጮኽኩባት። እሷም፣ «እማዬ፣ እናንተ የመጣችሁ ዕለት አንድ ጣሳ ጎደለብኝ። ለአለቃዬም ያኔውኑ ተናግሬአለሁ» አለችኝ።

ተመልሼ ቡቃያዋን ነቀልኳት። ሥሯ እንደ ማሳ ገብስ አልተበተነም፤ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የጣሳ ቅርጽ እንደያዘ ወጣ። ባፈና የመስታወት ቤቱን ባየን ዕለት በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን ለምን እንደተከናነበ ገባኝ።

ባፈና እዚህ ላይ ተነሥቶ፣ «አንዲት ቡቃያ ለምትሆን! ዘሩ ለእሷ ተሰጥቶ ከቤት እንዳይወጣ ብዬ ነው እኮ» ብሏል። አንተ ልጅ፣ ዘሩን ከእህትህ አድናለሁ ብለህ በሽታውን በገዛ እጅህ ተከልክበት።

ስለዚህ በጎታው ያለው ያምናው ንጹሕ ዘር ለፀደንያ ይሁን። ሥራዋን አምኜው አይደለም፤ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝም አላስደሰተኝም። ነገር ግን ሳልጠይቃት ጉዳቱን የነገረችኝ እሷ ናት። ወደ መስታወት ቤቱ የምታስገባው እፍኝ ቢኖር፣ ያ እፍኝ ወደ ጎታው አይመለስ።

የላይኛውን ማሳ ባፈና አሁኑኑ አጭዶ ያቃጥል። ጭሱን በመስኮት ሳላይ ጣቴን በወረቀቱ ላይ አላሳርፍም።

«እርጥብ ነው እኮ እማዬ፣ ሊያዘረዝር ነው!» ብሏል ባፈና።

«ደረቅ ባሕር ዛፍ ጨምርበት።»

«ማጭዱንም በበረኪና እጠበው» ብላለች ፀደንያ፤ ወንድሟን ቀና ብላ ሳታይ።

ቆይተን፣ መሪጌታ ጭስ ታየ ብለዋል። ገለባም ይጨሳል፤ ከምስክሮቹ ወልደተንሣኤ ሄዶ አሽትቶ ይምጣ።

ወልደተንሣኤ ተመልሶ፣ «ገብሱ ነው እትዬ። አንድም አላስቀረም። ባፈና ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል» ብሏል።

«ከጭሱ ነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

እንግዲያው አንድ ቃል ይጨመር። ለበልግ የሚዘራውን ፀደንያ ከጎታው ትስፈርለት። በሰው እንዳትልክ፣ በእጇ ትስጠው፤ እሱም በእጁ ይቀበላት።

የተናዛዥ የወይዘሮ ይታይሽ ወልደኪዳን የአውራ ጣት አሻራ።

እኛ ምስክሮች ቃሉ ሲነገርም ሲነበብም ከቦታው ነበርን። ወረቀቱን ደግፎ የያዘላቸው ልጃቸው ባፈና ነው፤ የፈቀዱለትም እጁን አሽትተው ሳሙና ሳሙና መሽተቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ፣ ጸሐፊና ምስክር
አቶ ወልደተንሣኤ ታደለ
ወይዘሮ አመተ ማርያም ስንታየሁ
አቶ ተስፋሚካኤል ወልደአረጋይ